ውሃው ወንድ አያውቅም

እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ዘሬን ለመቆፈር ማንም እንዳይደክም ብዬ ነው። በቦል ከተማና በዙሪያዋ፣ ከሐይቁ ዳር እስከ አሸዋው ጉብታ ድረስ፣ እኛን ሃዳድ ይሉናል። ብረታችንን ይፈልጋሉ፤ ከሳህናችን ግን አይበሉም። መኮትኮቻቸውን፣ ቢላቸውን፣ የታንኳቸውን ሚስማር አባቴ ቡካር ይሠራላቸዋል። ሊከፍሉት ሲመጡ እጁን ላለመንካት ገንዘቡን መሬት ላይ ያኖሩለታል። እኔ ደግሞ አንስቼ እከተላቸውና "ጌታዬ፣ ገንዘብ ወድቆብዎታል" ብዬ መልሼ በእጃቸው አስጨብጣቸዋለሁ። አባቴ "ፋልማታ፣ በዚህ ምላስሽ እንኳን ባል ጎረቤትም አይገኝልሽ" ይለኛል።

ማንበብም ያስተማረኝ የለም። አባቴ ቢላ የሚጠቀልልባቸውን አሮጌ ጋዜጦች እየፈታሁ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ፊደል ከፊደል እያጋጠምኩ፣ ራሴው ነኝ ራሴን ያስቆጠርኩት። "ይህን ደግሞ ማን ነገረሽ?" የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ይውላል።

ከሐይቁ ተለይቶ በአሸዋ ጉብታዎች መሐል የተኛ ጨዋማ ኩሬ አለን። ነፋስ ሲገፋው ዳር ዳሩን ወፍራም አረንጓዴ ነገር ይሰበሰባል። ዲሄ እንለዋለን። አንዱ ለብቻው በዓይን የማይታይ የውሃ ለምለም ነው፤ ተቆጥሮ የማያልቅ ሆኖ ሲተቃቀፍ ብቻ ይታያል። ሴቶቹ በቅል እየቀዱ አሸዋ ላይ እንደ ቂጣ አስፍተው ያደርቁታል። ለገንፎ ማባያ ይሆናል፣ የተረፈው በታንኳ ድንበር ተሻግሮ ይሸጣል። ባሏ የሞተባት፣ የተፈታች፣ ባል እያላት የሌላት፣ ሁሏም የምትኖረው በዚያ ኩሬ ነው። ወንድ እግሩን አይነክርበትም። ከነከረ ውሃው ይመክናል፣ ዲሄው ተመልሶ አይመጣም ይባላል። መሬቱ የወንድ ነው፣ ከብቱ የወንድ ነው፣ ታንኳና መረቡም የወንድ ነው። የሴት የሆነው ያ ኩሬ ብቻ ነው።

የኩሬው ጠባቂ ያ ኬሉ ናት፤ "ያ" የምንለው እናትን ነው። አሮጊት ናት፣ ዓይኗ ፈዟል፣ ጆሮዋ ግን የጥንቸል ነው። እሷ እግሯን ሳታስገባ ማንም አይገባም። ከእሷ ቀጥሎ የአለቆች ቤት ሴቶች፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ ከሁሉ በኋላ እኔ። ከእኔ በኋላ ሰልፍ የለም።

ኪያሪ የአለቃ ምቦዱ የወንድም ልጅ ነው። አለቃው ወንድ ልጅ ስላልወለደ ጥምጥሙ ለኪያሪ እንደሚያልፍ አገር ሁሉ ያውቃል። ባሕር ማዶ ሳይቀር ተምሮ መጣና ሹመቱን እንደ መጠበቅ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ይዞ በብልቃጥና በመስታወት ሞላት። አንድ ቀን ከአባቴ ወናፍ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ረጅም ነው፤ ጣሪያችን ዝቅ ስለሚል አንገቱን ሰብሮ ነበር።

"የብረት ፍቅፋቂ እፈልጋለሁ" አለ። አባቴ እያዘጋጀ ሳለ ወደ እኔ ዞረ። "ደግሞም ዲሄ። ያልደረቀ፣ ከነሕይወቱ፣ ከነውሃው።"

"የቤትዎ ሴቶች እኮ ከፊት ነው የሚገቡት። ምነው እኛ ዘንድ መጡ?"

"አክስቶቼን ጠየቅሁ። 'የሴት ውሃ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ የት ሊሄድ ነው?' አሉኝ።"

"እኔስ የምሰጥዎ ለምን ይመስልዎታል?"

ገንዘቡን አወጣና አባቴ መዳፍ ላይ አኖረው። መሬት ላይ አላስቀመጠውም። ከዚያ "አንቺን የሚያስፈራሽ ነገር ያለ አይመስልም" አለኝ።

ሊያቆላምጠኝ ፈልጎ ከሆነ ዱላ የሚቀምስ ነበር። እንዳየሁት ግን እንዲሁ ያሰበውን ነው የተናገረው። እሱ ከሄደ በኋላም እጄ ላይ የያዝኩትን ጉጠት ለምን እንዳነሳሁት ማስታወስ አቃተኝ።

*

በማለዳ የቀዳሁትን አረንጓዴ ውሃ በማሰሮ ይዤ ወደዚያች ክፍል እመላለስ ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ምክንያት እየፈጠርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከማጉያ መሣሪያው ፊት አስቀመጠኝና "አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ" አለኝ።

ሳየው አረንጓዴ ሞላ ነው። የአልጋ ሞላ ታውቃላችሁ? እሱን፣ ከፀጉር በቀጠነ ሽቦ የተጠማዘዘ፣ በመቶዎች የሚንሳፈፍ። ዕድሜዬን ሙሉ በቅል ስቀዳው የኖርኩት ነገር እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የሠራው ቀጥቃጭ ምነው እኛ ሰፈር ባልተወለደ አልኩ በሆዴ።

"ይሄ ጥምዝምዙ ነው ሥራው" አለ ኪያሪ፤ ትንፋሹ ጆሮዬ አጠገብ ነው። "ብሎን ስታዞሪው እንጨቱን እየሰረሰረ እንደሚገባ፣ ይሄም ቢዞር ደም ውስጥ ወደፊት ይቀዝፋል። ችግሩ ራሱ መዞር አይችልም። ብረት ቢለብስ ግን ከሰውነት ውጭ ማግኔት እያዞርሽ እንደ ፈረስ ትጋልቢዋለሽ። መድኃኒት አሸክመሽ የነቀርሳ እጢ ካለበት ድረስ ትልኪዋለሽ። ሌላ አገር አይጥ ላይ ሞክረውታል። እኔ ገና መስታወት ላይ ነኝ።"

"አንተ" ያልኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሳላስበው ከአፌ አመለጠ። "አንተ፣ ብረቱን ታዲያ እንዴት ታለብሰዋለህ?"

ስቆ አሳየኝ። የአባቴን የብረት ፍቅፋቂ በአሲድ ያሟሟዋል፤ ሌላ ነገር ሲጨምርበት እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር አተላ ይዘቅጣል፤ ዲሄውን በዚያ ይነክረዋል። ከዚያ ከመስታወቱ ሥር ማግኔት ሲያዞር፣ እዚያው ዓይኔ ሥር፣ ያ ጥቁር የለበሰ አረንጓዴ ሞላ ተሽከረከረ። ወዲያ ሲለው ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ሲለው ተመለሰ።

"ዲሄውን ባላባቶች ይቀድሙበታል፣ ብረቱ የቀጥቃጮች ነው" አልኩት። "አንተ ደግሞ ሽማግሌ ሳትልክ አጋባሃቸው።"

"እነሱ የማን ዘር ነህ ተባብለው አልተጠያየቁም።"

ቀና ስል ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር። እኔ ሰው በዓይኑ ሲመረምረኝ ዓይኔን የምሰብር ሴት አይደለሁም፤ እሱም አልሰበረም። የማግኔቱን እጀታ የያዘው እጁ ጣቴን ነካው። ብረት መሥሪያ ቤት ተወልጄ እንደዚያ ያለ ትኩሳት አላውቅም።

በሩ ተከፈተ። አለቃ ምቦዱ ነው፤ ከኋላው ከእንጃሜና የመጣ ወፍራም ነጋዴ አስከትሏል። ኪያሪ እጁን ሰበሰበ። አንድ እርምጃም ከእኔ ራቀ።

"ይህች ማን ናት?" አለ አለቃው።

"ብረት ልታደርስ የመጣች ልጅ ናት" አለ ኪያሪ።

ውሸት አይደለም። ብረት አድርሻለሁ። አለቃው በእኔ በኩል አየር እንዳለ ሁሉ አልፎኝ "ነገ ኩሬውን ትለካልናለህ፣ ስፋቱንም ጥልቀቱንም። ጌታው ፓምፕ ሊተክልበት ነው፤ በኩባንያ ደረጃ ይመረታል" አለው። ኪያሪ አንገቱን ደፋ። እሺ ማለቱ ይሁን ማፈሩ አልገባኝም። ባዶ ማሰሮዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ደረቴ ውስጥ ግን አንድ ነገር ወዲያ ሲሉት ወዲያ፣ ወዲህ ሲሉት ወዲህ ይሽከረከር ነበር።

*

በማግስቱ ከጉብታው ላይ ገመድ ሲዘረጋ አየሁት። ከሩቅ ነው የሚለካው፣ ውሃውን አልነካም። ቢሆንም ለካ። ሴቶቹ ተበትነው እኔ የደረቀውን ዲሄ ስቆርጥ መጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ።

"ፋልማታ።"

"ምን ልታዘዝ ጌታዬ? ብረት ይፈልጋሉ?"

"እንዲህ አትበይኝ።"

"ምን ልበልዎ? ትናንት ስሜን ሲጠየቁ የሚያውቁት ብረቱን ብቻ ነበር።"

"ደነገጥኩ። አጎቴ ድንገት ሲገባ ደነገጥኩ፣ ሌላ አይደለም። ኩሬውን ለካ አለኝ፣ ለካሁ፤ የአሳዳጊዬን ትእዛዝ እንዴት እምቢ ልበል? ግን ፓምፑ አይሆንም ብዬዋለሁ። ቧንቧውን ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚተክል ወንድ ሠራተኛ አያገኝም፤ ሁሉም ይፈራሉ።"

"ስለዚህ አይሆንም ያለው የሠራተኛው ፍርሃት ነው። አንተ አይደለህም።"

በጣቱ አሸዋው ላይ ይሞነጫጭር ጀመር።

"የወንድ እግር ውሃ ያመክናል ብለህ ታምናለህ?" አልኩት።

"አላምንም። አንቺስ?"

"እኔም አላምንም። ግን እንዲህ ባይባል ኖሮ ያ ኬሉ ዛሬ የማን ሎሌ ትሆን ነበር? እኛ ሌላ አጥር የለንም ኪያሪ። በርኖስ የለበሰ ሁሉ የሚፈራው አጥር ይሄ ብቻ ነው።"

"ይገባኛል" አለ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ "አንቺ ሳትመጪ ስትውይ ያች ክፍል ባዶ ብልቃጥ ናት" አለኝ።

የያዝኩትን ቢላ አሸዋው ላይ አኖርኩ። ግን ትናንት ከእኔ የራቃት ያች አንድ እርምጃ ትዝ አለችኝ፤ ኩራቴ ከሆዴ ቀደመ።

"በመስታወት ሥር ሁሉም ያፈቅራል" አልኩት። "እዚያ ማን ያይሃል? አንተ በሰው ፊት ሰላም ልትለኝ የማትችል ሰው ነህ። አክስቶችህ ባሉበት፣ ሴቱ ሁሉ በተሰለፈበት፣ በስሜ ጠርተህ 'ፋልማታ እንደምን አደርሽ' በለኝና ያን ጊዜ ስለ ብልቃጥህ እሰማለሁ።"

ተነስቼ ቅርጫቴን ተሸከምኩ። ዞር ብዬ ላለማየት አንገቴ ታመመኝ። ይመጣ ይሆን ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ ወዲያውም ባይመጣ ይሻላል ብዬ ጸለይኩ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ።

*

ነፋሱ ዲሄውን ወደ እኛ ዳር የገፋበት ማለዳ ያ ኬሉ አስጠራችን። ተሰለፍን። ኩሬው ዳሩን እንደ ቬልቬት ለብሶ ነበር። ከጉብታው አናት ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ አለቃ ምቦዱ፣ ነጋዴውና ኪያሪ። ከሩቅ ማየት ክልክል አይደለም። እኔ ግን ኪያሪ ከነጋዴው ጎን መቆሙን ሳይ፣ የለካውን ዛሬ ሊያስረክብ መጣ ብዬ ደመደምኩ።

ያ ኬሉ ገባች። ተከታትለን ገባን። ቅሌን አጎንብሼ እየነከርኩ ሳለ ከላይ ድምፅ መጣ።

"ፋልማታ።"

ሴቶቹ ቀና አሉ። እኔ አላልኩም።

"ፋልማታ፣ እንደምን አደርሽ።"

ያልኩት ይሄንኑ ነበር፤ በስሜ፣ በሰው ፊት። ግን ከዚያ ነጋዴ አጠገብ ሆኖ ሲለኝ ቀልድ መሰለኝ፤ ከነሱ ጋር የተወራረደብኝ መሰለኝ። ጀርባዬን ሰጠሁት። እንደገና ጠራኝ። ቅሌን ሞላሁ። ከዚያ የአሸዋ መንሸራተት ሰማሁ፣ ቀጥሎ ውሃ ሲንቦጫረቅ። እንደኛ የማይረግጥ እግር ነው፤ እኛ ዲሄውን እንዳንበትን እግራችንን አንሸራተን ነው የምንገባ፤ ይሄ ግን እየወጋ ይመጣል።

ከሴቶቹ አንዷ እሪ አለች። ስዞር ኪያሪ በሱሪው እስከ ቅልጥሙ ውሃ ውስጥ ቆሟል። አረንጓዴው በዙሪያው ተበታትኗል።

"ሰላም ልልሽ ነው የመጣሁት" አለ። "ስትዞሪ አላየሁሽማ።"

እንደዚያ ያለ የሞኝ ፊት በሕይወቴ አላየሁም፤ እንደዚያ ያለ የሚያምር ፊትም አላየሁም። ልቀፈው ወይስ በቅል ልበለው? እጄ ራሱ የሚያደርገው ጠፍቶት ቅሉን ለቀቀው።

አለቃ ምቦዱ ከጉብታው እየተንደረደረ ወረደ። ከውሃው ጠርዝ ሲደርስ አፉን ለስድብ ከፍቶ ነበር፤ እዚያው ላይ ቆመ። ኩሬውን አየ። የወንድሙን ልጅ እግር አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። የዚያን ሰውዬ ስድብ እችለዋለሁ፤ ፈገግታው ግን አጥንቴን አቀዘቀዘው።

ወደ ነጋዴው ዞረ። "መልካም። እንግዲህ ውሃው ራሱ ይፍረድ። ዲሄው ከተመለሰ የሴቶች ተረት አበቃ፤ ሰዎችህን ታስገባለህ። ካልተመለሰ ደግሞ..." በመጀመሪያ ጊዜ እኔን አየኝ። "የወንድሜን ልጅ አደንዝዞ ያስገባው ማን እንደሆነ አገር በዓይኑ አይቷል።"

ገባኝ። ውሃው ከለመለመ የሴቶቹ አጥር ይፈርሳል፤ ካልለመለመ እኔና አባቴ ከነወናፋችን እንባረራለን። ኪያሪን አየሁት። ለእኔ ብሎ ነው የገባው ወይስ ለዚህ? ከአጎቱ ጋር መክሮበት ይሆን? ጋዜጣ ብቻዬን ማንበብ የቻልኩ ሴት፣ ያን ፊት ላነብበው አልቻልኩም። የደነገጠም ይመስላል፣ የሚያውቅም ይመስላል።

ስናደድ የሚያድነኝም የሚገድለኝም ምላሴ ነው።

"አለቃ፣ ወንድ ገባ የሚሉት የቱን ነው?" አልኩ። "እኔ እዚህ ውሃ ውስጥ ወንድ አይታየኝም። አጎቱ ሲገባ ጣቱን የሚሰበስብ፣ አጎቱ ለካ ሲለው የሚለካ፣ አጎቱ ፈገግ ሲል የሚያፈጥ፤ ይሄ ወንድ ነው? ቀሚስ ብቻ ነው የጎደለው።"

ሴቶቹ ሳቁ። ደንግጠው ስለነበር ሳቁ እንደ ሳል ነው የወጣው። ኪያሪ ቀላ። ልወጋው ነበር የፈለግሁት፤ ወጋሁት፤ የታመምኩት ግን እኔ ነኝ።

ያ ኬሉ አልሳቀችም። ቅሏን በእርጋታ ለጎኗ ሴት ሰጠችና ውሃውን እያንሸራተተች እኛ ዘንድ መጣች። ፈዛዛ ዓይኗን ኪያሪ ላይ ተከለች።

"የልጅቱ አፍ መራራ ነው፤ ያለችው ግን ውል አለው" አለች። "እናቴ የነገረችኝ፣ እናቷ የነገረቻት እንዲህ ነው፤ ወንድ ከገባበት ይመክናል። አለቃ፣ ይህን አንተም ከእናትህ ጡት ጋር ጠብተኸዋል። እንግዲህ ውሃው ካልመከነ የገባው ወንድ አልነበረም ማለት ነው። ነገም ሌላ ይግባ። ገብቶ ካላመከነ እሱም ወንድ አይደለም። የነጋዴው ሠራተኞች ይምጡ፣ እኔ አልከለክልም። ከመግባታቸው በፊት ግን እዚህ ዳር ቆመው፣ ሚስቶቻቸው እየሰሙ፣ 'እኛ ሴቶች ነን' ይበሉ።"

ነጋዴው አንድ እግሩን ወደኋላ ሰደደ።

"ውሃውን አንጠብቅም" አለች ያ ኬሉ። "ልጁን አሁኑኑ እንጠይቀው። ኪያሪ፣ የማርያማ ልጅ፣ ስትወለድ እትብትህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እንዳየሁትማ ወንድ ነበርክ። ዛሬ ከዚህ ውሃ ውስጥ ቆመህ ምንድን ነህ?"

"ወንድ ነኝ በል" አለ አለቃው ከዳር። ድምፁ ተለሳልሷል። "አንድ ቃል ነው ልጄ። ሴት ነኝ ያለ ሰው ጥምጥም አይጠመጥምም፣ ከወንዶች ምንጣፍ ላይ አይቀመጥም። ለማን ብለህ? ለቀጥቃጭ ልጅ? ይኸው በሰው ፊት አዋረደችህ።"

ኪያሪ እኔን አየኝ። "ምን ልበል?" የሚል ዓይን ነው። እኔ ደግሞ ምን እንደምፈልግ ማወቅ ተሳነኝ። ሴት ነኝ ቢል ውሃው ይድናል። ግን የትኛዋ ልጃገረድ ናት የምትወደው ሰው በአገር ፊት ሴት ነኝ ሲል መስማት የምትሻ? ወንድ ነኝ ቢል ደግሞ ደረቱን ነፍቶ አየዋለሁ፣ ኩራት ይሰማኛል፣ በማግሥቱም ፓምፑ ይመጣል። ጭንቅላቴን አልነቀነቅሁም፣ አላወዛወዝኩም።

አጎንብሶ ከእግሬ ሥር የሚንሳፈፈውን ቅሌን አነሳ። በውስጡ የቀረውን አረንጓዴ አየው።

"ያ ኬሉ" አለ። "ሴቶች እግራቸውን አንሸራተው ነው የሚገቡት አይደል? እኔ አላወቅሁበትም፤ ታስተምሩኛላችሁ። የምቆመው የት ነው?"

አሮጊቷ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር የምታየው መሰለች።

"ቦታ ያለው መጨረሻ ላይ ነው" አለች። "ከቡካር ልጅ ቀጥሎ።"

የአለቃው የወንድም ልጅ መጥቶ ከቀጥቃጭ ልጅ በታች ቆመ። አለቃ ምቦዱ ፊቱን አዙሮ ጉብታውን ሲወጣ ጥምጥሙ ተፈትቶ ከኋላው ይጎተት ነበር። እኔ ወደ ውሃው አጎነበስኩ። እንባ ነው ሳቅ ነው ሳላውቀው የሆነ ነገር አፍንጫዬን ሞላው፤ ሁለቱም መንገዳቸው አንድ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

*

ዲሄው ተመለሰ፤ ከወትሮው ደምቆ። ነጋዴው "ሴት ነኝ" የሚል ሠራተኛ አላገኘምና ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ገበያው ግን ለኪያሪ አልራራለትም። "ወይዘሮ ኪያሪ፣ እንዴት ዋሉ?" "እመቤቴ፣ ጎመኑን ረከስ አድርጌልዎታለሁ።" እሱ እጅ እየነሳ ያልፋል። በመልቀሚያ ቀን መጥቶ ከእኔ በታች ይሰለፋል፤ ከቅሉ ግማሹን ያፈሳል፣ ሴቶቹም "ኧረ ይህች ሙሽራ እጅ የላትም" እያሉ ይስቁበታል። ከዚያ ወደ ክፍሉ ሄዶ መስታወቱ ላይ ያቀረቅራል። እኔ አላናገርኩትም። የማልጠይቀው ጥያቄ ነበረኝ፤ ሌሊት ሌሊት ያኝከኛል።

አንድ ቀን አሸዋው ላይ ዲሄ እያሰፋ ሳለ ጠየቅሁት።

"ምን ብለህ ነው የገባኸው?"

"ጠራሁሽ፣ አልዞርሽም። እግሬ ሄደ።"

"አጎትህስ?"

"መኖሩን ረስቼዋለሁ። ፈገግ ሲል ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ያን ጊዜ እንኳን መናገር መተንፈስም አቃተኝ።"

"እኔ ያን ባልናገር፣ ያ ኬሉ ያን ባትል፣ አጎትህ 'ወንድ ነኝ በል' ቢልህ ምን ትል ነበር?"

ቀና አለ። እጁ እስከ ክርኑ አረንጓዴ ነው። እንደ መጽሐፍ ወንዶች "ላንቺ ስል ሞትን እመርጥ ነበር" ቢለኝ በያዝኩት ቢላ ባባረርኩት።

"አላውቅም" አለ። "ሌት ተቀን ራሴን ጠይቄዋለሁ። አላውቅም ፋልማታ።"

ይህ መልስ እንዲያስቀይመኝ ጠበቅሁት። አላስቀየመኝም። ግን ደስ አላሰኘኝም። ምን እንዳደረገኝ ቃል ብፈልግለት ከጋዜጣውም ከካርቶኑም አጣሁ። "ዳሩን አሳሳው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል" አልኩት።

*

ለጋብቻ ጥያቄ እኛ ዘንድ የሴቲቱ ቤት ኮላ የሚባለውን ፍሬ ይዘው የሚሄዱት የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ናቸው፤ የልጅቷ አባት ሰብሮ ያካፍለዋል፣ ከተበላ ነገሩ ጸና ማለት ነው። ኪያሪ ሽማግሌዎቹን ለመነ። "ሴት ለሴት ኮላ አንወስድም" አሉት። ለአንድ ወር ያህል በየደጁ ዞረ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

አንድ ማለዳ አባቴ ወናፉን ሲያቀጣጥል፣ በደጃችን የእግር ድምፅ ሰማን። ብዙ እግር ነው፤ እየተንሸራተተ የሚመጣ። ያ ኬሉ ከፊት፣ ከኋላዋ የኪያሪ አክስቶች፣ ከኋላቸው የኩሬው ሴቶች፣ በተራቸው። ያ ኬሉ ኮላ የሞላ ሳህን ይዛለች። የአባቴ ጉጠት ከእጁ ወደቀ። በዕድሜው የባላባት ሴት ደጁን ረግጣ አታውቅም።

እኔን በሣር ከተሠራው የገሳ መጋረጃ ወደ ውስጥ ገፋኝ፤ የምትጠየቅ ልጅ አትታይም። ከዚያ ሆኜ በጆሮዬ ብቻ ነበር የማየው።

"ለማን ነው የምትጠይቁኝ?" አለ አባቴ።

"ከእኛ ለአንዷ" አለች ያ ኬሉ።

አንዷ አክስት ሳቋን አፈነች። ከሁሉም ጀርባ፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጠያቂዎቹ የኩሬው ሴቶች ከሆኑ፣ እሱም መጥቷል፤ በተራው፣ መጨረሻ ላይ። ሙሽራ በራሱ ሽምግልና ተሰልፎ ሲመጣ የሰማ ይንገረኝ።

"ቀጥቃጭ ነኝ" አለ አባቴ። "የልጄን ኮላ የምሰብረው በዚህ እጄ ነው። ጥላሸት አለበት። ከእጄ የማትበሉ ከሆነ ሳልሰብረው ይዛችሁት ሂዱ፤ አልቀየማችሁም።"

ከሰልፉ ፊት ያሉት የአለቃ ቤት ሴቶች ናቸው፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከእኛ ቤት ውሃ እንኳ ጠጥተው አያውቁም። አባቴ ወደ መጋረጃው ጠጋ አለና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ።

"ፋልማታ፣ ልጄ፣ ምን ልበላቸው?"

እምቢ የሚል ኩራት ነበረኝ። እሺ የሚል ሌላ ኩራትም ነበረኝ። ልጁ ከሴቶቹ ሰልፍ የገባው ለእኔ ሲል ይሁን ለኀፍረቱ ሲል ዛሬም ቁርጡን አላውቅም፤ እሱም አላውቅም ብሎኛል። ግን በአገር ፊት ከእኔ በታች መቆምን ያወቀ፣ አላውቅም ማለትንም ያወቀ ሰው እዚያ በር አጠገብ ቆሟል።

"ይብሉ" አልኩ።

የኮላው ቅርፊት በአባቴ ጥፍር ሲላቀቅ ሰማሁ። ቀጥሎ አንድ ጥርስ ኮላ ሲሰብር ተሰማ፤ ጥቂት የቀሩት የያ ኬሉ ጥርስ። ቀጥሎ ሌላ። አክስቶቹ ናቸው፤ አንዷ፣ ሌላዋ። ድምፁ በሰልፉ ወርዶ ወርዶ ወደ በሩ ሄደና ቆመ። መጨረሻው አልበላም።

"ምነው ልጄ?" አለ አባቴ።

"በሰልፉ ከእኔ ፊት አንድ ሰው አለች" አለ ኪያሪ። "ተራዋ ሳይደርስ አልበላም።"

የአባቴ ጥቁር ጣቶች በመጋረጃው ሥር ግማሽ ኮላ ሰደዱልኝ። አነሳሁት። ነከስኩት። ኮላ መራራ ነው ይላሉ፤ እኔ ምን ምን እንደሚል አላውቅም፤ ከገሳው ወዲያ ያለውን ጥርስ እያዳመጥኩ ነበር።